ከቀለሙ ሥር ያለው ታሪክ፦ የ601 ዶላር ቅብ ያመጣው የ4,000 ዶላር ኪሳራ

መኪና ልንገዛ ስንሄድ ሻጩን የምንጠይቀው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ተጋጭቶ ያውቃል?» ሻጩም «ኧረ በጭራሽ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚያስጨንቀን ሻጩ ዋሽቶን ይሆን የሚለው ብቻ ነው። እዚህ የማቀርበው ጉዳይ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ሻጩ እውነቱን ሊናገር ይችላል። መኪናውም ተጋጭቶ ላያውቅ ይችላል። ወረቀቱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ገዢው ግን ይህ ሁሉ ሆኖለትም ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል።

ጉዳዩ የተፈጸመው በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት ነው። ከአንድ መኪና መሸጫ ተነስቶ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለደረሰ ዝርዝሩ በፍርድ ሰነድ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። መኪናው ሲሸጥ አዲስ ተብሎ ነው። ያም ሆኖ ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ጉዳይ አላውቅም። የመኪና ታሪክ የት እንደሚጻፍ፣ ማን እጅ ላይ እንደሚቀር፣ ገዢው ጋ ለምን እንደማይደርስ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሆነው ነገር

በጃንዋሪ 1990 አንድ ሐኪም በርሚንግሃም ከተማ ከሚገኝ የቢኤምደብሊው ሕጋዊ ወኪል ጥቁር መኪና ገዛ። የከፈለው 40,750.88 ዶላር ነው። መኪናውን ዘጠኝ ወር ያህል ነዳ። ምንም እንከን አላየበትም። ቀለሙ ያበራል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ቅሬታ የለውም።

ከዘጠኝ ወር በኋላ መኪናው የበለጠ እንዲያምርለት ፈለገና መኪና ለሚያጸዳና ለሚወለውል ባለሙያ ሰጠው። ያ ባለሙያ ሥራው ቀለም ማየት ነው። መኪናውን ሲመለከተው እንደገና መቀባቱን የሚያሳይ ምልክት አገኘበት። ለባለቤቱም ነገረው። ሐኪሙ ይህን የሰማው ከሸጠለት ወኪል አይደለም፣ ከአምራቹም አይደለም፣ ከወረቀትም አይደለም። ከሽያጩ ምንም ጥቅም ከሌለው ሦስተኛ ሰው ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ታች እፈልገዋለሁ።

ሐኪሙ ተታለልኩ ብሎ የቢኤምደብሊውን የአሜሪካ አከፋፋይ ኩባንያ ከሰሰ። በክርክሩ ላይ እውነቱ ወጣ። መኪናው ከጀርመን ፋብሪካ ወጥቶ ጆርጂያ ግዛት ብረንስዊክ ውስጥ እስካለው የኩባንያው የመኪና ማዘጋጃ ጣቢያ ሲጓዝ ቀለሙ ተጎድቷል። ሁለቱም ተከራካሪዎች መንስኤው በመንገድ ላይ የመታው የአሲድ ዝናብ ነው ብለው ነው የተቀበሉት። በጣቢያው ጣሪያው፣ ኮፈኑ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ክዳንና የኋላ ጎኖቹ እንደገና ተቀቡ። የቅቡ ወጪ 601.37 ዶላር ነበር።

ኩባንያው ይህን በዘፈቀደ አላደረገውም። ከ1983 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሠራበት ፖሊሲ ነበረው። በማምረት ወይም በማጓጓዝ ጊዜ የተጎዳ መኪና የጥገናው ወጪ ከችርቻሮ ዋጋው 3 በመቶ ካለፈ እንደ አዲስ አይሸጥም። ለተወሰነ ጊዜ ኩባንያው ራሱ ይገለገልበትና ያገለገለ ተብሎ ይሸጣል። ከ3 በመቶ ካላለፈ ግን እንደ አዲስ ይሸጣል፤ መጠገኑም ለወኪሉ እንኳ አይነገርም። የሐኪሙ መኪና ጥገና ከዋጋው 1.5 በመቶ አካባቢ ነበር። ስለዚህ ማንም ለማንም አልተናገረም።

ወኪሉ መኪናውን ሲሸጥ «ተጠግኖ አያውቅም» ቢል ኖሮ የሚያምንበትን ነው የሚናገረው። የሚያውቀው አልነበረም። ታሪኩ ጆርጂያ ላይ፣ በአንድ ጣቢያ መዝገብ ውስጥ ቀርቷል። የሻጭን ፊት አይቶ እውነትና ሐሰትን መለየት እችላለሁ የሚል ገዢ እዚህ ጋ ችሎታው ምንም አይሠራለትም። የሚዋሽ ሰው የለማ!

ሁለቱ መለኪያዎች

የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው ብዬ ስለማምን ትንሽ ልቆይበት።

ኩባንያው ጉዳቱን የለካው በጥገና ወጪ ነው። 601.37 ዶላር። በዚህ መለኪያ ነገሩ ትንሽ ነው። ከ40 ሺህ ዶላር መኪና ላይ 600 ዶላር ምን ያደርጋል? ደግሞ ቀለሙ በባለሙያ እጅ፣ በደንብ ነው የተቀባው። ኩባንያው በፍርድ ቤት የተከራከረውም ይህንኑ ነው፤ መኪናው የፋብሪካ ቀለም ካለው መኪና በምንም አያንስም፣ እንዲህ ያለ ትንሽ ጥገና የማሳወቅ ግዴታም የለብንም አለ።

ገዢው ደግሞ ጉዳቱን የለካው በሌላ ነው። ይህ መኪና ገበያ ላይ ቢወጣና እውነቱ ቢነገር ስንት ያወጣል? ለዚህ ምስክር ሆኖ የቀረበው ቀድሞ ራሱ የቢኤምደብሊው ወኪል የነበረ ሰው ነው። እንደ እሱ ግምት እንደገና የተቀባ መኪና ካልተቀባ አዲስ መኪና 10 በመቶ ያህል ያነሰ ዋጋ አለው። በሐኪሙ መኪና ላይ 4,000 ዶላር ገደማ ማለት ነው።

ልዩነቱን ተመልከቱት። ያው አንድ ቀለም ነው። ለቀቢው ስድስት መቶ፣ ለባለቤቱ አራት ሺህ። ከስድስት እጥፍ በላይ! ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለኩት የተለያየ ነገር ስለሆነ ነው። አንዱ መኪናው እንዲያምር ስንት ወጣበት የሚለውን ይለካል። ሌላው ታሪኩን የሚያውቅ ገዢ ስንት ይከፍላል የሚለውን።

ያገለገለ መኪና የሚሸጥልን ሰው «ትንሽ ነገር ነች፣ ተስተካክላለች» ሲል በጥገና ወጪ እየለካ ነው። እኛ የምንከፍለው ግን በገበያ ዋጋ ነው። ነገ ስንሸጠው ደግሞ የሚገጥመን ገዢ ያንኑ ቀለም አይቶ ዋጋ ይቆርጥብናል። ስለዚህ «ስንት ወጣበት?» ከሚለው ጥያቄ በኋላ «ይህን የሚያውቅ ሰው ስንት ይሰጥበታል?» የሚለውን ራሳችንን መጠየቅ አለብን። የመጀመሪያውን ሻጩ ይመልስልናል። ሁለተኛውን ከሌላ ሰው ነው የምንሰማው።

ሕጉም ቢሆን የሻጩን መለኪያ ነው የያዘው። ኩባንያው ባቀረበው መረጃ መሠረት በጊዜው ወደ 25 የሚሆኑ ግዛቶች የማሳወቅ ግዴታን የሚወስን ሕግ ነበራቸው፤ ከእነሱ መሐል ጥብቁ እንኳ ይፋ እንዲደረግ የሚያስገድደው ከ3 በመቶ በላይ የሆነ ጥገናን ነው። አላባማ ራሷ በኋላ ላይ ሕግ አወጣች። ከ500 ዶላር ወይም ከዋጋው 3 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያለፈ ጥገና ካልተነገረ አሳሳች ንግድ ነው ትላለች። በዚህ ሕግ የሐኪሙን መኪና እንለካው። የ40 ሺህ ዶላር መኪና 3 በመቶ ወደ 1,200 ዶላር ነው። ቅቡ 601 ዶላር ነው። በአዲሱ ሕግም ቢሆን የመናገር ግዴታ አልነበረም! ይህ በጣም ያሳስበኛል። «ሕግ ስላለ ይነግሩኛል» ብሎ የሚተማመን ገዢ ሕጉ የት ላይ እንደሚያቆም ማወቅ አለበት።

ፍርድ ቤቱ ምን አለ

ጁሪው፣ ማለትም ጉዳዩን ሰምተው እንዲፈርዱ የተመረጡት ተራ ዜጎች፣ ኩባንያው አስፈላጊ እውነታ ደብቋል አለ። የደረሰውን ጉዳት 4,000 ዶላር ብሎ ተመነ። ከዚያ በላይ ኩባንያውን ለመቅጣት ለከሳሹ የሚከፈል የ4 ሚሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳ ጨመረበት። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ከ1983 ጀምሮ ኩባንያው እንዲህ የተቀቡ 983 መኪኖችን ሳይናገር አዲስ ብሎ መሸጡ በማስረጃ ቀርቦ ነበር። ከእነዚህ 14ቱ አላባማ ውስጥ ነው የተሸጡት። የሐኪሙ ጠበቃ 4,000ን በአንድ ሺህ ገደማ አባዝተው ነው ጁሪው ፊት ያቀረቡት።

የአላባማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስሌቱን አልተቀበለውም። ጁሪው በሌሎች ግዛቶች የተሸጡትን መኪኖች ማካተት አልነበረበትም ብሎ ቅጣቱን ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር አወረደው። ኩባንያው አሁንም በዛ ብሎ ወደ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። ሜይ 20 ቀን 1996 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ቅጣቱ ከልክ ያለፈ ነው ሲል ወሰነ። የብዙኃኑን አስተያየት የጻፉት ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ናቸው። ሦስት መመዘኛ አስቀመጡ፦ ድርጊቱ ምን ያህል ነውረኛ ነው፣ ቅጣቱ ከጉዳቱ ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ ነው፣ ለተመሳሳይ ጥፋት ሕጉ ራሱ የሚያስቀምጠው መቀጮ ስንት ነው። ቅጣቱ የጉዳቱ 500 እጥፍ ነበር። በአላባማ ሕግ ለእንዲህ ያለ ጥፋት የተቀመጠው ከፍተኛ መቀጮ ደግሞ 2,000 ዶላር ነው። ጉዳዩ ወደ አላባማ ሲመለስ ቅጣቱ 50,000 ዶላር ሆነ።

ከዚህ ክርክር ውስጥ ገዢን የሚመለከተው አንድ ነገር አለ። ሌላ የአላባማ ሐኪምም በተመሳሳይ ምክንያት ያንኑ ኩባንያ ከስሶ ነበር። ጉዳዩ ተመሳሳይ፣ ኩባንያው ተመሳሳይ። የእሱ ጁሪ 4,600 ዶላር ካሳ ሰጠው፤ የቅጣት ካሳ ግን አንድም ዶላር አልሰጠውም። ፍርድ ቤት ሄጄ አስከፍላለሁ ብሎ መኪና መግዛት የሚያዋጣ ስሌት አይደለም።

ለጠቅላላው ገዢ የመጣው ጥቅም ከገንዘቡ ይልቅ ሌላ ነው። የ4 ሚሊዮኑ ፍርድ እንደተሰጠ ኩባንያው ፖሊሲውን ቀየረ። ጥገናው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን በመላ አገሪቱ ለማሳወቅ ወሰነ።

ወረቀት ብንፈትሽስ?

እስቲ አሁን ይህን መኪና ዛሬ፣ ያገለገለ ሆኖ፣ ከአንድ መኪና ነጋዴ ልንገዛው ነው እንበል። ሁላችንም የምናውቃቸውን ማጣሪያዎች አንድ በአንድ እንሞክርበት።

የመጀመሪያው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ከ1981 ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ መኪኖች 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ወጥ ቁጥር አላቸው። በፊት መስተዋት በኩል ዳሽቦርዱ ላይ ይታያል፣ በር ላይ ባለው ተለጣፊም አለ፣ በባለቤትነት ወረቀቱም አለ። ሦስቱ ካልተስማሙ እዚያው ላይ ማቆም ነው። የሐኪሙ መኪና ይህን ያልፋል። ቁጥሩ የራሱ ነው።

ሁለተኛው የታሪክ ሪፖርት ነው። በጣም የሚታወቀው ካርፋክስ የተመሠረተው በ1984 ነው፤ ይህ መኪና ከመሸጡ በፊት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሪፖርት መረጃውን የሚሰበስበው ከግዛት የባለቤትነት መዝገብ፣ ከኢንሹራንስ፣ ከፖሊስ የአደጋ ሪፖርት፣ ከጨረታ ቤትና ከጋራዥ ነው። የሐኪሙ መኪና ሲጎዳ ባለቤት አልነበረውም። የባለቤትነት ወረቀት ገና አልወጣለትም። ገዢ የገባው የኢንሹራንስ ውል የለም። ፖሊስ አልተጠራም። ጥገናው የተሠራው በኩባንያው በራሱ ጣቢያ ነው። ሪፖርቱ ንጹሕ ሆኖ ይመጣል።

ሦስተኛው የመንግሥት መዝገብ ነው። አሜሪካ በ1992 የወጣ የመኪና ስርቆት መከላከያ ሕግን ተከትሎ አገር አቀፍ የባለቤትነት መረጃ ሥርዓት አላት፤ ለተራ ገዢ የተከፈተው በ2009 ነው። ኢንሹራንሶች ከጥገና ውጭ ያሏቸውን መኪኖች፣ የአሮጌ መኪና መፍቻ ቦታዎችም የተረከቧቸውን እንዲያሳውቁ ይገደዳሉ። በጎርፍ የተበላሸ፣ ከባድ አደጋ የደረሰበት፣ ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ የተመለሰ መኪና እዚህ ሊያዝ ይችላል። ለዚህ በጣም ጠቃሚ ነው። የጥገና ታሪክ ግን አይመዘግብም። የሐኪሙ መኪና ይህንንም ያልፋል።

ሦስቱም ወንፊት አሳለፈው። ይህ ማለት ወረቀት መፈተሽ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ወረቀት የሚይዘው ወረቀት የተጻፈበትን ነገር ነው። ከኪስ ተከፍሎ የተጠገነ፣ ኢንሹራንስ ያልተጠራበት፣ ባለቤቱ በዘመዱ ጋራዥ ያሠራው፣ ነጋዴው ከመሸጡ በፊት ያስቀባው መኪና ሁሉ ንጹሕ ወረቀት ይዞ ይመጣል። «ሪፖርቱ ላይ ምንም የለም» የሚለውን «መኪናው ምንም አልደረሰበትም» ብለን ማንበብ የለብንም። መጥፎ ነገር የያዘ ሪፖርት ከመግዛት ያድነናል። ባዶ ሪፖርት ግን ወደ ቦዲው ይመራናል።

ቦዲው የሚናገረው

በዚህ ጉዳይ እውነቱን ያወጣው የአንድ ሰው ዓይን ነው። ያ ባለሙያ ምን እንዳየ ሰነዱ በዝርዝር አይናገርም። እንደገና የተቀባ መኪና ላይ የሚፈለጉት ነገሮች ግን የታወቁ ናቸው።

መኪናውን በቀን ብርሃን እዩት። ከዝናብ በኋላ ወይም ገና ታጥቦ ሳይደርቅ አይሆንም፤ ውሃ ብዙ ነገር ይሸፍናል። በጎን ዝቅ ብላችሁ ብርሃኑ ቦዲው ላይ ሲንሸራተት ተመልከቱ። የፋብሪካ ቀለም ገጽታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሳሰላል። በእጅ የተቀባ ክፍል ላይ አንዳንዴ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥበጥ ያለ ገጽታ፣ ወይም የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ይታያል። የጎማ ማሸጊያዎችን ጠርዝ ገልጣችሁ እዩ፤ ሲረጭ ያመለጠ ቀለም እዚያ ይቀራል። የበር ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ጣታችሁን አሳልፉ፤ ቀለሙ በድንገት የሚቆምበት መስመር ካለ ቀቢው ወረቀት ለጥፎ የሸፈነበት ነው። ኮፈኑንና በሮቹን የያዙት ብሎኖች ራስ ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ቁልፍ ገብቶባቸዋል፤ ማለት ክፍሉ ተፈትቶ ያውቃል።

ከዚያ የቀለም ውፍረት መለኪያ አለ። ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ቦዲው ላይ ስትነካ ቀለሙ ስንት ማይክሮን እንደሆነ ትናገራለች። የፋብሪካ ቀለም በብዙ መኪኖች ላይ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን አካባቢ ነው። በላዩ የተቀባ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ200 ያልፋል። ስቱኮ ያለበት ደግሞ ብዙ መቶ፣ አልፎ አልፎም ከሺህ በላይ ያሳያል። ፕላስቲክ ፓራውልት ላይ አትሠራም፣ አሉሚኒየም ላይ የምትሠራው ለዚያ የተሠራችዋ ብቻ ናት። አንድ ቁጥር ብቻውንም ብዙ አይናገርም። ቁም ነገሩ ክፍሎቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ነው።

የሐኪሙን መኪና በዚህ መሣሪያ ብንለካው የምናየውን አስቡት። በሰነዱ መሠረት የተቀቡት ጣሪያው፣ ኮፈኑ፣ የኋላ ክዳኑና የኋላ ጎኖቹ ናቸው። በሮቹ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ በሮቹ ላይ አንድ ቁጥር፣ ጣሪያው ላይ ሌላ ቁጥር ሊወጣ ይችላል። ቀቢው የድሮውን ቀለም ብዙ ፍቆት ከሆነ ልዩነቱ ይጠብባል፤ ግን እነዚያን ክፍሎች ከበሮቹ ጋር ማስተያየት ብቻውን ጥያቄ ያስነሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚቸኩልበት ነገር አለ። ወፍራም ቀለም ሲያይ «ተጋጭቷል!» ብሎ ይደመድማል። ቀለም የተቀባበት ቦታ ግን ራሱ ይናገራል። ከፊት የተጋጨ መኪና ላይ ኮፈኑና የፊት ፓራፋንጎው ይቀባሉ፤ ጣሪያው ምን አገባው? ከጎን የተመታ ከሆነ በሮቹ ይቀባሉ፤ በተቃራኒው ጎን ያሉት አይነኩም። ጣሪያ፣ ኮፈንና የኋላ ክዳን አብረው ተቀብተው በሮቹ ካልተነኩ ግን ነገሩ ከላይ የወረደ ነው። ዝናብ፣ በረዶ፣ ፀሐይ፣ ከላይ የፈሰሰ ኬሚካል። የሐኪሙ መኪና ላይ የወረደው የአሲድ ዝናብ ነው፤ ቀለሙ ያረፈበት ቦታም ከዚያ ጋር ይገጥማል። በሌላ በኩል ጣሪያው ከነበሮቹ፣ ከነምሰሶዎቹ ተቀብቶ ካገኛችሁት ነገሩ ይከብዳል፤ መኪናው ተገልብጦ ሊሆን ይችላል፣ ምሰሶ ላይ የተሠራ ሥራ ደግሞ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ ራሳችን ማየት ካልቻልን ከሽያጩ የማይጠቀም ሰው እንውሰድ። ነጋዴው የሚያስተዋውቀን መካኒክ አይሆንም፤ ጎበዝ ቢሆንም እንኳ። የሞተር ባለሙያ ብቻም አይበቃም። ቀለም የሚቀባ ወይም ላሜራ የሚሠራ ሰው ሞተር የሚፈታው የማያየውን ያያል። ሐኪሙን የረዳው መካኒክ አልነበረም።

ነጋዴውን ምን እንጠይቅ

«ተጋጭቶ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ጉዳይ ላይ ዋጋ የለውም። መልሱ «አያውቅም» ነው፤ እውነትም ነው። «ተቀብቶ ያውቃል?» ቢባል የተሻለ ነው፤ ግን ወኪሉ ስላልተነገረው ያው «የለም» ይላል። ጥያቄው ነጋዴው የሚያውቀው ነገር ላይ መሆን አለበት። ከማን ገዛኸው? ከጨረታ ነው፣ ከቀድሞ ባለቤቱ ነው፣ ከኩባንያ ነው? እጅህ ከገባ በኋላ ምን አሠራህበት፣ ደረሰኙስ አለ? ጨረታ ላይ የነበረውን የሁኔታ መግለጫ ታሳየኛለህ? የራስህን የታሪክ ሪፖርት አውጥተህ ከሆነ ላየው እችላለሁ?

«ከኩባንያ ነው» የሚለው መልስ ላይ ቆም በሉ። የፖሊሲው ሌላኛው ግማሽ ትዝ ይበላችሁ፤ ከ3 በመቶ በላይ የተጎዳው መኪና ኩባንያው ለጊዜው ይገለገልበትና ያገለገለ ሆኖ ይሸጥ ነበር። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ፣ ባለቤቱ አንድ ኩባንያ፣ አገልግሎቱ ሁሉ በጊዜው የተደረገለት መኪና ሁላችንም የምንመኘው ነው። ብዙውም ጥሩ መኪና ነው። ግን መጀመሪያውኑ ለምን ለደንበኛ ሳይሸጥ ኩባንያው ጋ እንደቀረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት መኪናው ላይ የገዢ መመሪያ መለጠፍ አለበት። ደንቡ ከ1985 ጀምሮ አለ። መኪናው ዋስትና ይኑረው ወይም እንዳለ ይሸጥ ይናገራል፤ የቃል ተስፋ ለማስፈጸም ከባድ ስለሆነ ሁሉን ነገር በጽሑፍ ጠይቁ ብሎም ይመክራል። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ገዢው የታሪክ ሪፖርት እንዲያወጣና አምራቹ ጉድለት አይቶ መኪናውን ለጥገና ጠርቶት ገና ያልተሠራ ነገር ካለ እንዲፈትሽ ይነግራል። ልብ በሉ፤ እንዲያወጣ የሚመክረው ገዢውን ነው።

የውል ወረቀቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ማስጨመር ብዙ ነገር ይለውጣል። «ሻጩ እስከሚያውቀው ድረስ የተቀቡት ክፍሎች እነዚህ ናቸው፣ ምክንያቱም ይህ ነው» የሚል። የሚያውቅ ነጋዴ ይጽፋል። የማያውቅም «አላውቅም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ይህም ሐቀኛ መልስ ነው። ሁለቱንም አልጽፍም ካለ እኔ ብሆን መኪናውን ትቼ እሄዳለሁ።

ያ ኩባንያ ከሸጣቸው 983 መኪኖች መሐል ክስ ያልተመሠረተባቸውን አስቡ። እያንዳንዳቸው ያገለገለ መኪና ሆነው አንድ ቀን ገበያ ላይ ይወጣሉ። ባለቤቶቻቸው «ከአዲስ ጀምሮ የኔ ነው፣ አንድ ጊዜም ተቀብቶ አያውቅም» ሊሉ ይችላሉ። ከልባቸውም ነው። የሚገዛቸው ነጋዴ ይህንኑ ተቀብሎ ለቀጣዩ ይናገራል። ሁሉም ታማኝ ሆኖ ሳለ ስህተቱ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

የተቀባ መኪና አይገዛ አልልም። ያ ጥቁር መኪና ዘጠኝ ወር ያለ እንከን ተነድቷል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ቅቡ የመኪናውን አነዳድም ሆነ ደኅንነት እንዳልነካ ጽፏል። ምክንያቱ ከታወቀና ሥራው ጥሩ ከሆነ ደስ ብሎን ልንነዳው እንችላለን፤ ዋጋው ላይ ግን መታየት አለበት። የ10 በመቶው ግምት የአንድ ምስክር ነው፣ ያውም በአዲስ ውድ መኪና ላይ። አሥር ዓመት ያገለገለ መኪና ላይ ልዩነቱ ይጠባል፤ አንድ ሁለት ክፍል መቀባቱም ያለ ነው። ስለዚህ ያሳየነው የቀለም ወይም የላሜራ ባለሙያ ስንት እንደሚቀንስበት ይንገረን። ከዚያ ቁጥሩን ይዘን ወደ ነጋዴው እንመለስ። ምክንያቱ በወረቀት ወይም በቦዲው ካልተረጋገጠ ግን እኔ የማስበው ግጭት ነው ብዬ ነው፤ ዋጋውንም የምነጋገረው በዚያው ልክ ነው።